በጦርነት ጊዜ የጠፋው መብራትና የቤንዚን ማደያ ቅርሶች

ስለ ቅርስ ሲነገር የብዙው ሰው ሐሳብ ወዲያው ወደ አክሱም ሐውልት፣ ወደ ላሊበላ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት፣ ወደ ጎንደር ግንብና ወደ ብራና መጻሕፍት ይሄዳል። ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን ከእነዚህ በታች፣ አብዛኞቹ መቶ ዓመት እንኳ ያልሞላቸው፣ ማንም ቅርስ ብሎ የማይጠራቸው፣ የአያቶቻችንንና የአባቶቻችንን የዕለት ኑሮ የሚመሰክሩ ዕቃዎች አሉ። ከነዚህ አንዱ ወገን የአሮጌ ቤንዚን ማደያ ዕቃ ነው፤ ይኸውም በእጅ የሚዞረው መቅጃ፣ በኢናሜል የተለበጠው የኩባንያ ምልክት፣ የዘይት ጣሳው፣ ታኒካው፣ ጀሪካኑና በሌሊት ከሩቅ ይታይ የነበረው የመስተዋት መብራት ነው። በሀዋሳ ከተማ የምንኖርና በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ነገር እንድናነሣ ያስገደደን ምክንያት ወደ ኋላ ይገለጻል። አስቀድመን ግን ጦርነትና ከጦርነት ጋራ የሚመጣው ጨለማ በነዚህ ዕቃዎች ላይ ያደረሱትን እንመልከት፤ ነገሩ በሰፊው የተመረመረው በውጭ አገር ስለ ሆነ ከዚያው እንጀምራለን። የውጭውን አገር ዘመን እንደ አውሮፓውያን፣ የአገራችንን ደግሞ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር እንጽፋለን።

አውቶሞቢል በአሜሪካና በአውሮፓ መታየት በጀመረ ጊዜ ቤንዚን የሚሸጠው በየሱቁና በየመድኃኒት ቤቱ በዕቃ እየተለካ ነበር። በኋላ ግን ከመንገድ ዳር የቆመ መቅጃ ተሠራ። ይህ መቅጃ ከሰው ቁመት የማያንስ ብረት ሲሆን፣ በራሱ ላይ የኤሌክትሪክ አምፑል በውስጡ የሚበራበት የመስተዋት ክብ ይቀመጥበት ነበር። በመስተዋቱም ላይ የኩባንያው ስምና ምልክት ይሣላል፤ የሼል ኩባንያ መስተዋቱን ራሱን በባሕር ዛጎል አምሳል ሲያሠራ፣ ከስታንዳርድ ኩባንያዎች አንዱ ደግሞ በዘውድ አምሳል አሠርቶት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ በጉልላቷ እንደምትታወቅ ሁሉ፣ ሌሊት የሚጓዝ ነጂም ማደያው የት እንደ ሆነና የማን እንደ ሆነ የሚያውቀው በዚህ መስተዋት ስለ ነበረ፣ እኛም ስሙን «የመስተዋት ጉልላት» ብንለው ነውር የሚሆን አይመስለንም።

ይህ ጉልላት ያለ ሥጋት ሲበራ የኖረው እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ነው። እንግሊዝ በጀርመን ላይ ጦርነት ያወጀችው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 1939 ሲሆን፣ ከዚያ ሁለት ቀን አስቀድሞ በሴፕቴምበር 1 ቀን መላው አገር በሌሊት መብራት እንዳያሳይ ታዘዘ። የመንገድ መብራት ጠፋ፤ የቤት መስኮት ሁሉ በጥቁር መጋረጃ ተሸፈነ፤ የአውቶሞቢል ፋናም ብርሃኑ በጠባብ ቀዳዳ ብቻ እንዲወጣ ተሸበበ። ይህ ሁሉ የሆነው የጠላት አይሮፕላን ከተሞችን በብርሃናቸው ፈልጎ እንዳያገኝ ነው። የጨለማው ዋጋ ግን ቀላል አልነበረም፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት በእንግሊዝ አገር በጠላት ቦምብ ከሞተው ሰው ይልቅ በጨለማ መንገድ በመኪና ተገጭቶ የሞተው ይበልጥ ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ ለታይታ ተብሎ የተሠራው የመስተዋት ጉልላት ሊበራ እንደማይችል ማንም ይገነዘበዋል።

ጉልላቱ በእንግሊዝ አገር ያጣው ብርሃኑን ብቻ አልነበረም፤ ስሙንም አጣ። ጦርነቱ በተጀመረበት በዚያው ሴፕቴምበር ወር ቤንዚን በራሽን እንዲሰጥ ተደረገ፤ የኩባንያዎቹም ቤንዚን ሁሉ በአንድነት ተደባልቆ «ፑል» በሚባል አንድ ስም ብቻ ይሸጥ ጀመር። እስከዚያ ቀን ድረስ «የእኔ ቤንዚን ከሌላው ይበልጣል» እያለ ለስሙ ብዙ ገንዘብ ሲያፈስ የኖረ ኩባንያ ሁሉ፣ ስም የሌለውን ቤንዚን ከተወዳዳሪው ጋራ እኩል ለመሸጥ ተገደደ። ራሽኑ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1950፣ የየኩባንያው ስም ወደ መቅጃው የተመለሰው ደግሞ በ1953 ነው። ዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል ስምና መብራት አጥቶ የቆየ ዕቃ በየዕቃ ቤቱ አቧራ መልበሱ የማይቀር ነገር ነው።

በአሜሪካም የሆነው ነገር ከዚህ ይለያል እንጂ አይቀልም። አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ከገባች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 መጀመሪያ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በአትላንቲክ ጠረፍ ሌሊት ሌሊት እያደፈጡ ነዳጅ የጫኑትን መርከቦች ያሰጥሙ ነበር። ለዚህም የረዳቸው የጠረፉ ከተሞች ብርሃን ነው፤ መርከቡ በከተማው ብርሃንና በጠላቱ መካከል ሲያልፍ እንደ ጥላ ጎልቶ ይታይ ነበርና። እንግዲህ ቤንዚን የሚያመጣው መርከብ፣ ቤንዚን የሚሸጥባቸው ከተሞች ባበሩት መብራት እየታየ ተቃጠለ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት በጠረፉ ያለው መብራት እንዲደበዝዝ ታዘዘ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር በምሥራቁ ክፍል፣ በዲሴምበር 1 ቀን ደግሞ በመላው አገር ቤንዚን በራሽን ሆነ። በመላው አገር ራሽን የታዘዘበት ዋናው ምክንያት ግን የቤንዚን ማነስ ሳይሆን የጎማ ማነስ ነበር፤ ጃፓን የጎማ ዛፍ የሚበቅልባቸውን የእስያ አገሮች ይዛ ስለ ነበር፣ ሕዝቡ ጎማውን እንዳይጨርስ ቤንዚኑ ተቆጠረበት።

በዚያው ዓመት የአሜሪካ ሕዝብ ለመድፍና ለመርከብ መሥሪያ የሚሆን አሮጌ ብረት ከየቤቱና ከየጓሮው እንዲያወጣ ተጠየቀ። ልጆች በጋሪ እየገፉ፣ ገበሬዎች በካሚዮን እየጫኑ አሮጌ ብረት ወደ መሰብሰቢያው አደባባይ ወሰዱ። ከሥራ የወጣ የቤንዚን መቅጃና የኢናሜል ምልክትም ብረት ነውና ከዚህ ዕጣ ሊያመልጥ አልቻለም። አዲስ ምልክት እንኳ በተፈለገ ጊዜ ብረቱ ለጦር ስለ ተያዘ ከተጨመቀ እንጨት ይሠራ ነበር።

ከዚህ ላይ አንባቢያችን አንድ ነገር እንዲያስተውልልን እንወዳለን። መድፍ አቅላጩ የሚፈልገው ብረት ነው፤ መስተዋት አይፈልግም። ስለዚህ የቆመው ብረት ወደ እሳት ሲሄድ፣ ተሰባሪው መስተዋት ከራሱ ላይ ወርዶ በምድር ቤት ወይም በመደርደሪያ ላይ የመቅረት ዕድል ነበረው። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ አዳዲሶቹ መቅጃዎች ቀስ በቀስ ያለ ጉልላት መሠራት ስለ ጀመሩ፣ አሮጌውን አውርዶ ያስቀመጠው ሰው መልሶ የሚሰቅልበት ምክንያት አጣ። ዛሬ በአሜሪካና በእንግሊዝ የጥንት ዕቃ ሰብሳቢዎች አንዱን ጉልላት በብዙ ሺሕ ዶላር የሚገዛዙት፣ ሐሰተኛ አምሳያውም በገበያው የበዛው ከዚህ የተነሣ ነው። በአጭሩ በዚያ አገር ቅርሱ የተረፈው ተደብቆና ከሥራ ወጥቶ ነው፤ ጨለማው አዋረደው፣ ነገር ግን ሸሸገው።

በአገራችን ግን ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። የመጀመሪያው አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሲመጣ በአዲስ አበባ የቤንዚን መቅጃም ጉልላትም አልነበረም። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን የነዳጅ ማደያችን ታኒካው ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ይህ ታኒካ ታሪክ ያለው ዕቃ ነው። አራት ጋሎን፣ ማለት ዐሥራ ስምንት ሊትር ያህል የሚይዝ ባለ አራት ማዕዘን ቆርቆሮ ሲሆን፣ ሁለት ሁለቱ በአንድ የእንጨት ሣጥን እየታሸጉ ወደ እስያና ወደ አፍሪካ ይላኩ ነበር። የአሜሪካው ስታንዳርድ ኩባንያ ታኒካውን ሰማያዊ ቀለም ሲቀባ፣ በኋላ ሼል የተባለውን ኩባንያ ያቋቋመው እንግሊዛዊ ነጋዴ ማርከስ ሳሙኤል የራሱን ቀይ አደረገው። ሙሬክስ የተባለችው የሳሙኤል መርከብ እ.ኤ.አ. በ1892 ላምባ በሆዷ ሞልታ የስዌዝን ቦይ በማቋረጥ የመጀመሪያዋ የነዳጅ መርከብ ሆና በቀይ ባሕር በኩል ወደ እስያ አለፈች። ሳሙኤል ላምባው በመርከብ ሆድ ሲመጣ ታኒካ የማያስፈልግ መስሎት ነበር፤ ገዢው ግን ላምባውን ብቻ ሳይሆን ታኒካውንም የሚፈልግ ሆኖ ስለ ተገኘ ቀዩን ታኒካ በብዛት ለማሠራት ተገደደ።

ገዢው ታኒካውን ለምን እንደ ፈለገው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ውሃ የተቀዳው በታኒካ ነው፤ ቅቤና ማር ወደ ገበያ የወጣው በታኒካ ነው፤ እህል የተሰፈረው በታኒካ ነው። ሲያረጅም ተዘርግቶ የጣሪያ ክዳንና የአጥር ግድግዳ ሆነ። ከትንሹ ጣሳ ደግሞ የጥጥ ፈትል ገብቶበት ኩራዝ ተሠራ። ልብ እንበል፤ በውጭ አገር የቤንዚን ዕቃ መብራቱ ሲጠፋበት ከሥራ ሲወጣ፣ በእኛ አገር የነዳጅ ዕቃ የሆነው ቆርቆሮ ራሱ መብራት ሆኖ እናት ስትፈትል፣ ተማሪ ሲያጠና አምሽቷል።

ስለ ጦርነቱም ቢሆን ቤንዚን በአገራችን ታሪክ ውስጥ ያለው ስፍራ ከሚታሰበው በላይ ነው። ፋሺስት ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረች ጊዜ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ከእ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1935 ጀምሮ የንግድ ቅጣት ጣለባት። በቅጣቱ ውስጥ ግን ነዳጅ አልገባም፤ የስዌዝም ቦይ አልተዘጋም። መርዝ የረጩት አይሮፕላኖች፣ ወታደር የጫኑት ካሚዮኖች ሁሉ የሚንቀሳቀሱት በዚሁ ባልተከለከለው ነዳጅ ነበር። ሌላ ሌላው ተከልክሎ ዋናው ነገር መተዉ ዛሬም ሲያስቡት የሚያንገበግብ ነው።

ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ጣልያን በሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ስታውጅ የባሕሩ በር ተዘጋባት፤ በምሥራቅ አፍሪካ ያለው ሠራዊቷም የቤንዚንና የጎማ ችግር ያዘው። ከኤደን የሚነሡት የእንግሊዝ አይሮፕላኖች ድሬዳዋንና አሰብን፣ ሌሎቹም ምጽዋንና አስመራን ይደበድቡ ነበርና፣ በነዚህ ከተሞች በሌሊት መብራት ማሳየት ቦምብ መጋበዝ ሆነ። ይሁን እንጂ ይህ ጨለማ ለማን አዲስ እንደ ነበር መጠየቅ ይገባል። ኤሌክትሪክ የሚያበራው ወራሪውና ጥቂት የከተማ ሰው ነው። ለባላገሩ የሚያጠፋው የኤሌክትሪክ መብራት አልነበረውም፤ ለዐርበኛውም ቢሆን ሌሊቱ አምስት ዓመት ሙሉ መንገዱና መጠለያው ሆኖ ቆይቷል። በለንደን ጨለማ ማለት የተለመደው ኑሮ መቋረጥ ሲሆን፣ በእኛ አገር ግን ከተለመደው ኑሮ ጋራ አንድ ነበር። ስለዚህ በአገራችን በጦርነቱ ጨለማ ምክንያት ከመንገድ ዳር ወርዶ በምድር ቤት የተሸሸገ ጉልላት መፈለግ ድካም ብቻ ነው።

ጦርነቱ ወደ እኛ አካባቢ የደረሰው በ1933 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ በመጋቢት መጨረሻ ከተለቀቀች፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በሚያዝያ 27 ቀን ወደ ዋና ከተማቸው ከተመለሱ በኋላ፣ በስምጥ ሸለቆው ሐይቆች ዙሪያ የቀረውን የጣልያን ጦር ለማስለቀቅ ውጊያው ቀጠለ። በግንቦት ወር ሻሸመኔ፣ ቀጥሎም ሶዶ ተያዙ። ጊዜው የዝናብ ጊዜ ነበርና ካሚዮኖቹ በጭቃ እየተያዙ ጉዞው እጅግ ያስቸግር ነበር። ዛሬ የሀዋሳ ከተማ የተዘረጋችበት የሐይቁ ዳርቻ ያን ጊዜ ከተማ አልነበረበትም። ያ ጦር ነዳጁን ይዞት የሚሄደው በበርሜልና በስሱ ታኒካ ነበር። የእንግሊዝ ጦር ታኒካ በጣም ስስ ስለ ነበረ በጉዞ ላይ እየተቀደደ ብዙ ቤንዚን ያፈስ ነበር፤ ወታደሮቹ ባዶውን ቆርጠው አሸዋ ሞልተው፣ ቤንዚን አርከፍክፈው ሻይ የሚያፈሉበት ምድጃ ያደርጉት ነበር። ከዚህ የተሻለውን ዕቃ የሠሩት ጀርመኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1937 ሃያ ሊትር የሚይዝ፣ ባለ ሦስት እጀታ፣ መክደኛው ያለ መሣሪያ የሚከፈት፣ ቢወድቅ የማይቀደድ መያዣ ሠሩ። እንግሊዞች ይህን ዕቃ በማረኩት ጊዜ ብልጫውን አይተው እንዳለ ቀዱት፤ ስሙንም ጀርመንን በሚጠሩበት የቅጽል ስም «የጄሪ ጣሳ» አሉት። የእኛ «ጀሪካን» ይኸው ነው።

ዛሬ በሀዋሳም ሆነ በማናቸውም ከተማችን ውሃ በጠፋ ቀን ቢጫ ጀሪካን ይዞ የሚሰለፍ ሰው፣ በእጁ የያዘው ስም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምርኮ መሆኑን አያስበውም። ዕቃው ከብረት ወደ ላስቲክ ተለውጧል፤ ከቤንዚን ወደ ውሃ ተዛውሯል፤ ስሙ ግን አልተነካም። በቋንቋችን ውስጥ እንዲህ ያለው ስም ጥቂት አይደለም። ናፍታ፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ የሚባሉት ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ጣልያን ሄደ፤ «ትሬንታ ኳትሮ» የሚባለው ካሚዮኑም አርጅቶ ብረት ሆነ፤ ጎሚስታው ግን አሁንም በየመንገዱ ዳር ጎማ ይለጥፋል።

ከጦርነቱ የተረፈ የነዳጅ ማደያ በአካባቢያችን አገሮች ይፈለግ ቢባል ከሁሉ የሚልቀው በአስመራ ያለው ፊያት ታልየሮ ነው። መሐንዲሱ ጁዜፔ ፔታዚ በ1930 ዓ.ም. በአይሮፕላን አምሳል የሠራው ይህ ቤት፣ ያለ አንዳች ምሶሶ በግራና በቀኝ ዐሥራ አምስት ዐሥራ አምስት ሜትር የሚዘረጉ የሲሚንቶ ክንፎች አሉት። የ1933ቱ ጦርነት በላዩ አለፈ፤ ከዚያም በኋላ የመጡት ጦርነቶች አለፉ፤ እርሱ ግን ቆሟል። የአስመራ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ቅርስ መዝገብ ስትገባ ከዕንቁዎቿ አንዱ ይኸው ማደያ ነበር። እዚህም ላይ ቀደም ሲል ስለ መስተዋቱ ያልነውን መድገም ይቻላል፤ ሲሚንቶን አቅልጦ ለመድፍ የሚያደርገው የለም። በአንጻሩ ከጣልያን የተማረኩ ብዙ መኪናዎችና የፋብሪካ መሣሪያዎች በእንግሊዝ ጦር እየተነቀሉ ከአገራችን እንደ ወጡ በታሪክ የታወቀ ነው። ብረት ሁልጊዜ ፈላጊ አለው።

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። ሀዋሳ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ፤ የተሠራውም ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሣ ነው። ጦርነት ካመጣው ጨለማ በኋላ ጦርነቱን ያመጣው አገር ለመብራት መክፈሉ፣ ከሞጆ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ሰው ሁሉ በቆቃ ሐይቅ አጠገብ ሲያልፍ ሊያስታውሰው የሚገባ ነገር ነው። ሀዋሳ ራሷ የመንገድ ልጅ ናት። ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ በኩል ወደ ዲላና ወደ ሞያሌ የሚወርደው መንገድ፣ ከይርጋለምና ከይርጋጨፌ ቡና ጭኖ የሚወጣው «ኤንትሬ» ካሚዮን፣ ነጂውና ረዳቱ የሚያድሩበት ቤት፣ ናፍታ የሚቀዳበት ማደያ፤ እነዚህ ባይኖሩ በሐይቁ ዳር ያለው አሸዋ አሸዋ ሆኖ በቀረ ነበር። የአክሱም ሰው ሐውልቱን፣ የጎንደር ሰው ግንቡን እንደሚያሳይ፣ በካሚዮን መንገድ ላይ የበቀለ ከተማ ሰው ስለ ከተማው መነሻ ሲጠየቅ የሚያሳየው የነዳጅ መቅጃ ቢሆን የሚያስቅ ነገር አይደለም።

በአገራችን ማደያዎች ሞቢል፣ ሼል፣ አጂፕና ቶታል የሚባሉት ስሞች ለብዙ ዘመን በርተው ኖረዋል። ባለ ክንፉ ቀይ ፈረስ፣ ቢጫው ዛጎል፣ እሳት የሚተፋው ባለ ስድስት እግር ጥቁር ውሻ ለልጅነታችን ከተረት እንስሳት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከነዚህ ስሞች አብዛኞቹ ከመንገዱ ወርደዋል፤ ኩባንያው ኩባንያውን በገዛ ቁጥር ምልክቱ ተነቅሎ ሌላ ተተከለ። ሰው ግን በአዲስ አበባ እስከ ዛሬ ድረስ «ካዛንቺስ ቶታል» እያለ ሰፈሩን በማደያው ስም ይጠራል። እንደ ጀሪካን ሁሉ ከዕቃው ይልቅ ስሙ ጸንቶ የሚኖርበትን ይህን ነገር ስናይ፣ ኢትዮጵያዊ ሰብሳቢ የሚባል ሰው ቢኖር ቅርጫት ብቻ ሳይሆን ደብተርም ይዞ መዞር ይገባዋል እንላለን።

እንግዲህ ልዩነቱ ይህ ነው። በውጭ አገር የነዳጁ ዕቃ የተረፈው ከአገልግሎት ውጭ ሆኖ ስለ ተቀመጠ ሲሆን፣ በእኛ አገር የተረፈው በአገልግሎት ላይ ስለ ዋለ ነው። ይህንንም ማየት የሚወድ ሰው በአዲስ አበባ መርካቶ ወደ ምናለሽ ተራ ይሂድ። በርሜሉ ሲቆረጥ፣ ሲቀጠቀጥ፣ ምድጃና ምጣድ መክደኛ ሲሆን፣ ጣሳው ወደ ሌላ ዕቃ ሲለወጥ ያያል። የዚህ አኗኗር ጥበብ የሚያስደንቅ ነው፤ አንዳች ነገር አይባክንም። ነገር ግን አንድ ጉዳት አለው። የሚቀመጥ ነገር ስለሌለ፣ አገልግሎቱ ያበቃ ቀን ዕቃውም አብሮ ያበቃል። ላስቲክ ጀሪካን ሲመጣ ታኒካው ጠፋ። የኤሌክትሪክ መብራት ሲስፋፋ ኩራዙ ከብዙ ከተማ ቤት ወጣ። ኩራዝ አልፎ አልፎ ብቅ ማለቱ ግን አልቀረም፤ በቅርቡ እንኳ በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ጦርነት መብራቱም ነዳጁም ለረጅም ጊዜ አብሮ በተቋረጠ ጊዜ፣ ሰው በእጁ ያለውን ሁሉ መብራት ለማድረግ ተገዷል። የዚያን ዘመን ኩራዝና የቤንዚን ጠርሙስ ዛሬ ሰብስቦ ያስቀመጠ ቢኖር ለነገ ታሪክ ጸሐፊ ትልቅ ውለታ በዋለ ነበር።

ወደ ኋላ ይገለጻል ያልነው ምክንያትም ይኸው ነው። የቤንዚን ማደያ ራሱ በፊታችን እየተለወጠ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ዋጋ የሚከፈለው በቴሌብርና በመሳሰሉት ነው፤ ብር ቆጥሮ የሚቀበለው ቀጂ፣ በቆዳ ቦርሳው ውስጥ የሚሸጉጠው ዝርዝር ቀረ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ይህ መልካም ነው ወይም አይደለም ብሎ መከራከር የሌላ ጽሑፍ ሥራ ነው። እኛን የሚመለከተን፣ ልጆቻችን የቤንዚን መቅጃን እኛ ታኒካን እንደምናየው የሚያዩበት ቀን ሩቅ አለመሆኑ ነው። ሀዋሳም እንደ ሌሎቹ ከተሞች መንገዷን እያሰፋችና እያሳመረች ነው፤ መንገድ ሲሰፋ አስቀድሞ የሚነሣው በመንገድ ዳር ያለው ነገር ነው። የተነሣውን ብረት «ቆራሌው» የሚለው ሰው ይረከበዋል፤ እርሱም በኪሎ መዝኖ ይሸጠዋል። ከጦርነት ጊዜው መድፍ አቅላጭ የሚለየው በጋሪ ስለሚሄድ ብቻ ነው።

ለቆራሌው ወቀሳ የለንም፤ እንጀራው ነው። ይልቅስ ነገሩ የሚመለከተው እኛን የመንግሥት ሠራተኞችን ነው። በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ጀምሮ መንገድ የሠሩ፣ ጤና ያስፋፉ፣ እርሻ ያስተማሩ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ የራሳቸው ጋራዥ፣ የራሳቸው በርሜል፣ የራሳቸው የእጅ መቅጃ ነበራቸው። እነዚህ ዕቃዎች በሞዴል 19 ገቢ ሆነው በየግምጃ ቤቱ ሲያገለግሉ ኖረው፣ አርጅተው በየጓሮው ሣር በቅሎባቸው ይገኛሉ። ከዚያ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ይሰየማል፤ ዝርዝር ይዘጋጃል፤ ጨረታ ይወጣል። በዝርዝሩ ላይ የእጅ መቅጃውም፣ የተሰበረው ወንበርም፣ የዛገው የመኪና በርም በአንድ መስመር «ልዩ ልዩ አሮጌ ብረት» ተብለው ይጻፋሉ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የወጣላት አገር ግምጃ ቤት ይህን ያህል ጨካኝ መሆን አልነበረበትም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሙዚየም ይሠራ፣ በጀት ይመደብ አላልንም፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ ብረቱ ሄዷል። ከየዓይነቱ አንድ አንድ ብቻ፣ አንድ በእጅ የሚዞር መቅጃ፣ አንድ የድሮ የኩባንያ ምልክት፣ አንድ የብረት ጀሪካን፣ ከተገኘም አንድ ታኒካ፣ ከጨረታው ተለይቶ በአንድ ክፍል ይቀመጥ። ከዕቃውም ጋራ የት ቆሞ እንደ ነበረ፣ ከስንት ዓመተ ምሕረት እስከ ስንት እንዳገለገለ፣ ማን ይቀዳበት እንደ ነበረ በአንድ ገጽ ይጻፍለት። ቀጂዎቹና የድሮዎቹ ሾፌሮች ጥቂቶቹ ገና በሕይወት አሉ፤ ሻይ እየጠጡ የሚያወሩትን ማንም አይጽፈውም እንጂ ከየት ተነሥተው በስንት ቀን ሞያሌ ይደርሱ እንደ ነበር፣ በየትኛው ከተማ ነዳጅ እንደሚታጣ፣ ሌሊት መብራት የሌለው መንገድ ምን እንደሚመስል አሳምረው ያውቃሉ። የአስወጋጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ «ልዩ ልዩ አሮጌ ብረት» በሚለው መስመር ትይዩ ከመፈረሙ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ጓሮው ወጥቶ ቢያይ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም።